ጎርጎር ያነክሳል

ድሬ ዳዋ፣ መጋላ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጉሌድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ስደውል ስልኩን ትዘጋለህ። በድምፅ የላክሁልህንም ሁሉ ሳትከፍት ትተወዋለህ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ወረቀት አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ ከመቅደድህ በፊት ዓይንህ አንድ ሁለት መስመር ማየቱ አይቀርም፤ አውቅህ የለ? ሾፌሩ ወርሳሜ ነገ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ ስለሚወርድ በእጁ እሰጠዋለሁ። «ሲያነበው ፊቱን እይና ንገረኝ» ብዬዋለሁ። እንግዲህ ፊትህን አስተካክል።

በሶማሊኛ ተጣልተን በኦሮምኛ የምንታረቅ ልጆች ብንሆንም መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ነውና በአማርኛ ታገሠኝ።

እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰዉ ከሰዓት በኋላም መንገድ ላይ መታየት ጀምሯል። የሠርግ ወቅት ስለሆነ የስፌት ሱቄ በድርዕ ቀሚስ ጨርቅ ተሞልቷል። አንዷ ሙሽራ ወገቡ ጠበበኝ ትላለች፣ ሌላዋ እጅጌው ሰፋኝ ትላለች፤ ያደርቁኛል። ባለቤቴ ኸባብ እንደምታውቀው ነው። ቀን ቀን መድረሳ ልጆች ያስተምራል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ እኔን ሊያስተምር ይሞክራል። ልጆቹ ይሻሉታል።

ወደ ነገሩ ልግባ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ወርሳሜ ከጅቡቲ ሲመለስ መኪናውን አራግፎ፣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ፣ በቀጥታ ሱቄ መጣ። ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ላስመጣልህ ስለው አልፈልግም አለ። ወርሳሜ ሻይ እምቢ ሲል አይቼው ስለማላውቅ ክፉ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ናፊሳ፣ ከጉሌድ መልእክት ይዣለሁ። ከአፌ ባይወጣ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ።

«ምን ሆነ? ቁስሉ ነው?»

«ቁስሉ ደርቋል። ጅቡቲ ያረፈበት ግቢ ውስጥ በክራንች ይንቀሳቀሳል። ግን… ሀምዲያን ልፈታት ነው አለ። ሽማግሌ አስቀምጡና ጨርሱልኝ፣ ገና ወጣት ናት፣ ከአንካሳ ጋር ምን ታደርጋለች አለ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ወርሳሜ ወደ እግሬ አየ። ከዚያ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ብታየው ታዝንለት ነበር። «አቦ ናፊሳ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሱ ነው» እያለ ላብ በላብ ሆነ። እኔም «አውቃለሁ፣ ምንም አይደል» ብዬ ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን ሱቁን ዘጋሁ። መኪናህ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ ቀኝ እግርህን ከጉልበት በታች ከቆረጡህ ጀምሮ ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ያን ቃል አንተ ማለትህ ነው። ሌላ ሰው ሲለው ለምጄዋለሁ። ከአንተ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ሀምዲያ ጋ ሄድኩ። በር ላይ ቁጭ ብላ ሩዝ ትለቅማለች። ነገርኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። ጠጠር እየለቀመች ቆየችና፣ «በወርሳሜ አፍ አልፈታም» አለች። «መፍታት ከፈለገ እዚህ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓይኔን እያየ ይበለኝ። እዚያ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዳ ደክሞኛል ብሎ አያውቅም፤ አሁን እኔን ለመፍታት ሌላ ሰው ይልካል?» ይህን ስትል እጇ ደህናውን ሩዝ ከጠጠሩ ጋር እየወረወረው ነበር።

ልጅህ ዱኒያ ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደብተሯን ይዛ ሱቄ መጣች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ቆየችና፣ «ኤዶ ናፊሳ፣ የአባዬ እግር በጣም ያስቀይማል እንዴ?» አለችኝ።

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

«እኛ እንዳናየው ስለሚደበቅ ነዋ።»

ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ብረት የታሰረበትን እግሬን አሳየኋት። «ይሄስ ያስቀይማል?» አልኳት።

«ያንቺማ የአንቺ ነው» አለች፤ የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኋት ይመስል።

ያን ጊዜ ነው ስለ ጎርጎር የነገርኳት። ለማንም ነግሬ የማላውቀውን፣ ለኸባብ እንኳ በጨረፍታ ብቻ የነገርኩትን፣ ሁሉንም ነገርኳት። አንተም ታስታውሰዋለህ፤ ነገር ግን እኔ እንዴት እንደማስታውሰው አታውቅምና ለአንተም ልንገርህ።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ፖሊዮው በእግሬ መሄድ ሳልጀምር ነው ግራ እግሬን የያዘው፤ ስለዚህ እኔ ሌላ አካሄድ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ የየራሱ አካሄድ ያለው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አብዲቃድር ከኋላዬ ሆኖ እንደ እኔ እያነከሰ ይከተለኝ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። ዞር ስል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በተርታ፣ ትከሻውን እየጣለ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ይመጣል። ከልጆቹ ይልቅ ግን ሌላ ነገር ነው የጎዳኝ። ትልልቅ ሰዎች በር ላይ ቆመው ሲስቁ አየሁ። እኔ እንዲህ እንደምመስል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ቤት ገብቼ አልጋ ሥር ተደበቅሁ። ትምህርት ቤት አልሄድም አልኩ። እናታችን ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ በመጨረሻ አለቀሰች። አልወጣሁም። በነጋታውም አልወጣሁም። አንተ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመትህ ነው። በደረትህ ተስበህ አልጋው ሥር ገባህና አጠገቤ ጋደም አልክ። ምንም አልመከርከኝም። «ነይ፣ አንድ ሰው ላሳይሽ» ብቻ አልከኝ።

«ማንን?»

«እንዳንቺ የሚሄድ ሰው።»

በጀርባህ አዝለህ፣ ወደ አጎታችን ወደ አብቲ ሰማታር ቪዲዮ ቤት በጓሮ በር አስገባኸኝ። ጠዋት ስለነበር ቤቱ አልተከፈተም፤ አንተ ልትጠርግ ነበር የሄድከው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፣ ወለሉ ላይ የትናንት የጫት ቅጠል ተበትኗል። አግዳሚው ላይ አስቀመጥከኝና ሽፋን የሌላት ካሴት አስገባህ። የካርቱን ፊልም ነበር። ቋንቋው ዓረብኛም አይደለም፣ ፈረንሳይኛም አይደለም፣ ሕንድኛም አይደለም። አብቲ ሰማታር ራሱ የየት አገር እንደሆነ አያውቅም ነበር። ሰውየው አሞራ የመሰለ ጭንብል አለው፣ ሲበር እንደ ክንፍ የሚዘረጋ አረንጓዴ ካባ ለብሷል። ስሙን ስላላወቅነው ጎርጎር አልነው፤ አሞራ ማለት ነውና በቋንቋችን።

መብረሩ አላስገረመኝም። በፊልም ሁሉም ይበራል። ያቺ ረጅም ኮሪደር ጋ ሲደርስ ግን ወረደና መራመድ ጀመረ። በኮሪደሩ ጫፍ ልጆች ታስረዋል፣ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይጠብቁታል። አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ሸርተት ይላል፣ ቀጥ ይልና ደግሞ ይራመዳል።

«ያነክሳል!» ብዬ ጮህኩ።

«አላልኩሽም?»

«ለምን ያነክሳል?»

መጥረጊያህን ግድግዳው ላይ አስደገፍክ። «ሕፃን ሆኖ ታሞ ነው። እናቱ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት አዞረችው፣ አልዳነም። ከዚያ መብረር ተማረ።»

«መብረር ከቻለ አሁን ለምን በእግሩ ይሄዳል?»

ይህን ስጠይቅህ የመለስከውን መቼም አልረሳውም። «የታሰሩት ልጆች እንዲያዩት ነዋ። በእግሩ እንደመጣላቸው እንዲያውቁ ነው» አልከኝ።

ጎርጎር በዚያ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኾ ተናገረ። ምን አለ አልኩህ። ሳታመነታ ተረጎምክልኝ። «‹ቀስ ብዬ ነው የምመጣው፤ ግን እመጣለሁ› ነው ያላቸው።»

ያቺን ቦታ እየመለስክ ስንት ጊዜ አሳየኸኝ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አብዲቃድር እንደ ልማዱ ከኋላዬ ማነከስ ሲጀምር ቆሜ ዞርኩና ያንን ቃል አልኩት። «ማን ነው እንዲህ ያለው?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያማ ሰፈሩ በሙሉ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎርጎርን መጫወት ጀመረ። ጎርጎር የሚሆነው ማን ነው በሚል ተደባደቡ። ጎርጎር ለመሆን ማነከስ ነበረበትና ልጁ ሁሉ ማነከስ ፈለገ። እኔን ግን ማንም አልተከራከረኝም፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ዝም ብለው ቦታውን ይለቁልኝ ነበር። አብዲቃድር አሁን የአራት ልጆች አባት ሆኖ፣ በባጃጁ ሲያልፍ ዛሬም «ጎርጎር፣ የት ላድርስሽ?» ነው የሚለኝ።

ይህ የልጅነት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ግን አልቀረም። ስፌት ልማር ስሄድ አሠልጣኟ «በዚህ እግር ፔዳል አይረገጥም» ስትለኝ ማንን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? የኸባብ እናት እኔን ለማየት በመጡ ቀን ከክፍሉ ዳር እስከሚቀመጡበት ድረስ ሰሃን ይዤ ስሄድ፣ ሁሉም እግሬን እያዩ፣ ያቺ ክፍል ያቺን ኮሪደር መስላ ታየችኝ። አልቸኮልኩም። ላለማንከስም አልሞከርኩም። ሰሃኑን አስቀምጬ «እንኳን ደህና መጡ» አልኳቸው። ኸባብ በኋላ «ያን ጊዜ ነው ላገባሽ የቆረጥኩት» ብሎኛል።

ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። ባል ያገባች፣ ጨርቅ የሚያስቆርጧት ሙሽሮች የሚፈሯት ሴት፣ በካርቱን ሰው ትጽናናለች? ሌሎች ልጆች የሚወዷቸው ጀግኖች ሁሉ ምንም የማይጎድላቸው ነበሩ። እነሱን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ፊልሙ ሲያልቅ ግን እኔ እዚያው ነኝ። ጎርጎር ግን ፊልሙ ካለቀ በኋላም ከእኔ ጋር ወደ ቤት ይሄድ ነበር። እግሩ ሳይድን ጀግና የሆነ እሱ ብቻ ነበር።

ዱኒያ ይህን ሁሉ ሰምታ ስልኳን አወጣች። «ቆይ ኤዶ፣ እፈልግልሻለሁ» አለች። አታገኚውም ብያት ነበር። እሷ እንደ አንተ ግትር ናት። አረንጓዴ ካባ፣ የአሞራ ጭንብል፣ ኮሪደር፣ የታሰሩ ልጆች እያለች በሚቻለው ቋንቋ ሁሉ ስትፈልግ ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ቀን እየሮጠች መጣችና ስልኳን ስፌት መኪናዬ ላይ አስደግፋ፣ «ዝም ብለሽ እይ» አለችኝ።

እሱ ነው። ካባው፣ ጭንብሉ፣ ያቺ ኮሪደር። ሥዕሉ ጥርት ብሏል፤ እንዲህ ጠርቶ አይቼው አላውቅም። ከላይ ወረደ። መራመድ ጀመረ።

ጉሌድ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። እንደ ወታደር። ሁለቱም እግሮቹ እኩል ናቸው።

«ኤዶ፣ ያነክሳል አላልሽም?» አለች ዱኒያ ቀስ ብላ።

«ሌላው ክፍል ይሆናል» አልኳት። ሌላ ክፍል አልነበረም። እየመለሰች አሳየችኝ፤ እየመለሰ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከሥር በዓረብኛ ጽሑፍ ነበረውና ኸባብን ጠራሁት። ያቺ የተረጎምክልኝ ቦታ ስትደርስ «ምንድን ነው የሚለው?» አልኩት። መነጽሩን ወደ ላይ አድርጎ አነበበ። «‹በሮቹን ዝጉ፣ አንድም እንዳያመልጥ› ይላል» አለኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ሰውየው የሀብታም ነጋዴ ልጅ ነው። አልታመመም። ሐኪም ቤት ያዞረችው እናት የለችም። ስለ እግር አንድ ቃል የለበትም።

ያን ቀን አንዲት ሙሽራ ጨርቅ አበላሸሁ። መቀሱ እጄ ላይ ነው፣ ልቤ የለም። ተናድጄም ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ሞቶ የተቀበረ ዘመድ ከነጭራሹ አልተወለደም የተባልኩ መሰለኝ።

አላስችል ሲለኝ አብቲ ሰማታር ጋ ሄድኩ። አሁን አርጅቷል፤ ቪዲዮ ቤቱ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል፣ እሱ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ሲሳደብ ይውላል። ጠየቅሁት። መጀመሪያ አላስታወሰም። በኋላ እስኪያስለው ሳቀ።

«ያቺን ካሴት ማሽኑ በልቷት ነበር» አለኝ። «ክሯ ተጨማዶ ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ልጥላት ስል ወንድምሽ እጄን ያዘ። ‹አብቲ፣ ይህችን አትጣላት፣ ቤቱን ሁልጊዜ እጠርግልሃለሁ› አለኝ። እኔ ምን ገባኝ? የልጅ ነገር ነው ብዬ ሰጠሁት።»

«እሱ መበላሸቷን ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅም? ማሽኑን የሚያጸዳልኝ እሱ አልነበር? ኋላ ደግሞ ደህናዋን ካሴት ከጅቡቲ አመጡልኝ። ጉሌድ ብቻውን ሆኖ አያት። ከዚያ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ‹አብቲ፣ ይህችን መጋላ ውስጥ እንዳታሳያት፤ ናፊሳ ካየችው ትምህርት ቤት መሄድ ታቆማለች› አለኝ። እያለቀሰ ነበር ወላሂ። ለሌላ ከተማ ቪዲዮ ቤት ሰጠኋት።»

አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ አብቲ ሰማታር ይሳደባል። እኔ የማስበው አንድ ልጅ ነበር። የተበላሸ ሥዕል ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ ሌላው ሰው «ተበላሸ» ብሎ ሲጥለው፣ «እህቴን ይመስላል» ያለ ልጅ። እናቱንም በሽታውንም ከራሱ አውጥቶ የጨመረበት፣ በማያውቀው ቋንቋ የተባለውን ሳያመነታ የተረጎመ ልጅ። እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የወደድኩት ማንን እንደነበር አንተው አስበው።

አሁን እንደ እህት ሳይሆን ነገሩን እንደምታውቅ ሰው ልንገርህ፤ ሌላ ሰው አይነግርህምና። ምንም አይደል አልልህም። ከባድ ነው። ብረቱ ያሳክካል፣ ሙቀት ሲሆን ቆዳው ይላጣል። ሰው ያይሃል፤ ልጆች በግልጽ ያያሉ፣ ትልልቆቹ ሰርቀው ያያሉ። ትወድቃለህ። ስትወድቅ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ባለበት ነው፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ። ደግሞም እኔ ያላገኘሁትን አንተ አጥተሃል፤ ያገኙትን ማጣት የባሰ ሊሆን ይችላል፣ አልከራከርህም። ግን ይለመዳል። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተህ ከእግርህ በፊት ሌላ ነገር ታስባለህ። ያ ቀን እንደሚመጣ እኔ ምስክር ነኝ። እዚህ ከተማ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ አሉ፤ የእኔን ብረት የሚጠግነውን ባለሙያ አናግሬዋለሁ፣ «ይምጣና ልለካው» ብሏል። ብቻህን አትሄድም። መቼ መቀመጥ እንዳለብህ፣ የትኛው መንገድ ጥላ እንዳለው፣ ሊረዱህ ሲሉ የሚጥሉህን ሰዎች እንዴት እንደምትሸሽ ሁሉን አሳይሃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተን የማስተምርህ ነገር አግኝቻለሁ፤ አትከልክለኝ።

ሀምዲያን በተመለከተ ውሳኔው የእናንተ ነው። እኔ ሽማግሌ አላስቀምጥም፤ ወርሳሜም ሌላ መልእክት አያመላልስም፣ ተማምለናል። አንተ ግን ይህን እወቅ። ሀምዲያ ሸሚዞችህን አጥባ፣ ሱሪዎችህን አንድ በአንድ ወደ ሱቄ አምጥታ፣ «የቀኙን እግር እንዳይጎተትበት አድርገሽ እጠፊልኝ» ብላኛለች። ከአንተ ጋር ስላላት ነገር ሌላ አልተናገረችም። ሱሪዎቹ ተሰፍተው እኔ ጋ ተቀምጠዋል። ዱኒያም ቢሆን አብቲ ሰማታር ያለኝን ስነግራት «አባዬ ነው የፈጠረው?» አለችኝ። አዎ ስላት፣ «ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ አያውቅም» አለች። ቅር ብሏታል። ይህን አንተ ነህ የምታስተካክለው፣ እኔ አልችልም።

ወርሳሜ ሲመለስ ጋቢናው ባዶ ነው። ክራንቹን ከወንበሩ ኋላ የሚያስርበት ገመድ ይዟል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ስለ እናታችን። አንተ ስላስጠነቀቅከን፣ ልቧም ስለደከመ፣ ለሆዮ እስካሁን አልነገርናትም። «ወደቡ ላይ መኪና ተከማችቶ ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እያልን ቆየን። እሷም «አላህ በሰላም ያምጣው» ትላለች፤ ሌላ አትጠይቅም። ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ስሄድ ግንበኛ አስመጥታ አገኘኋት። ከግቢው ወደ ቤት የሚያስወጡትን ደረጃዎች አስፈርሳ፣ በቦታቸው ዘቅዘቅ ያለ ሲሚንቶ ታስለስናለች።

«ሆዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ደረጃ መውጣት አልቻልኩም» አለችኝ።

በዚያው ጠዋት ገበያ በእግሯ ደርሳ ተመልሳለች። ለእኔ ብላ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ በዚያ ደረጃ ከልጅነቴ ጀምሮ ስወጣ ስወርድ ኖሬያለሁ፣ ራሷ ናት «ትችያለሽ» እያለች ያስለመደችኝ። ግንበኛው ሲሚንቶውን አለስልሶ ሊጨርስ ሲል ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«አታለስልሰው! ሻካራ አድርገው። ክራንች ያንሸራትታል» አለችው።

«የማን ክራንች?» አለ ሰውየው።

ሆዮ ዞር ስትል እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። «ሂጂ፣ ለሰውየው ሻይ አፍይለት» ብላ ሻሿን አስተካከለች።

አብሽር ወንድሜ። አላህ ደረትህን ያስፋልህ፣ የሚያስፈራህን መንገድ ያሳጥርልህ፣ በሰው ፊት ሳይሆን በወገንህ ፊት ያቁምህ። ኸባብ ሰላም ብሎሃል። ሆዮም ሰላም ብላሃለች። ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ራሷ ውሃ ታጠጣዋለች፤ ማንም እንዲያግዛት አትፈቅድም።

ታናሽ እህትህ
ናፊሳ